ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ፦ ለእህቴ ልጅ የማስተርስ ምክር

ልጄ፣

ኢንፎርማቲክስንና የሥራ አመራር ምህንድስናን አጣምሮ የሚያስተምረው ማስተርስ ከተቀበለሽ ወዲህ ቤተ ዘመዱ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፦ «ጨርሳ ምን ሆና ነው የምትወጣው?» ሐኪም ይታወቃል። መሐንዲስ ይታወቃል። ፕሮግራመር እንኳ ገንዘብ በስልክ መላክ ከተጀመረ ወዲህ ታውቋል። ያንቺ ግን ስሙ ራሱ ተጠርቶ አያልቅም።

ምክር ጠይቀሽኛል። ፋብሪካ ውስጥም ክፍል ውስጥም ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ በአጭሩ መናገር አልችልም። ለምክሮቹ ቁጥር የሰጠሁት ስትደውዪ «ጋሼ፣ ሦስተኛው አልገባኝም» ለማለት እንዲመችሽ ነው እንጂ ሁሉም እኩል ስለሚከብዱ አይደለም። ለእኔ ሁለተኛውና አምስተኛው ይበልጣሉ።

1. ጥያቄ ያዢ።

ኸርበርት ሳይመን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ዶክትሬቱን እ.ኤ.አ. በ1943 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በፖለቲካ ሳይንስ አገኘ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዴት እንደሚወስኑ ሲያጠና ቆይቶ በ1947 ስለ አስተዳደር መጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ፒትስበርግ ሄደና ከአለን ኒውዌልና ከክሊፍ ሾ ጋር ሆኖ የሒሳብ ቴዎረም የሚያረጋግጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። በ1975 የኮምፒውተር ሰዎች ትልቁን ሽልማት፣ ቱሪንግን፣ ከኒውዌል ጋር ተሸለመ፤ በ1978 ደግሞ የኢኮኖሚክሱን ኖቤል። ሰውየው ከዚህም ከዚያም ሲቃርም የኖረ እንዳይመስልሽ። ዕድሜውን ሙሉ ይዞት የዞረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሰው ጊዜውም መረጃውም ሳይበቃው እንዴት ይወስናል? ጥያቄው ቢሮ ሲወስደው ቢሮ ገባ፣ ኮምፒውተር ሲያስፈልገው ኮምፒውተር ተማረ።

በሁለት ትምህርት ክፍል መካከል የሚማር ሰው ጥያቄ ከሌለው ከሁለት ያጣ ሆኖ ይቀራል። ከወዲህ ሦስት ኮርስ፣ ከወዲያ ሦስት ኮርስ ይወስዳል፤ በመጨረሻ ኮዱንም ለኮደሩ፣ አስተዳደሩንም ለአስተዳዳሪው ትቶ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ያዥ ይሆናል። እንዲህ ሆነው የቀሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳያልቅ ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ በአማርኛ፣ እናትሽ በምትረዳው አነጋገር ጻፊው። «ጤና ጣቢያ ካርድ ለማውጣት ለምን ግማሽ ቀን ይፈጃል?» ጥያቄ ነው። «በማሽን ለርኒንግ የተደገፈ የተቀናጀ ማዕቀፍ» ጥያቄ አይደለም፤ ርዕስ ነው፣ ያውም ክፉ ርዕስ።

አዲስ ነገር ጀመርኩ ብለሽም አትፍሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1990 በዩኔስኮና በካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ሲከፈት፣ የመጀመሪያ ዲግሪያቸው ከተለያየ ሙያ የሆነ ሰዎችን ነበር ለማስተርስ የሚቀበለው። መንገዱ ከአንቺ ዕድሜ ይበልጣል።

2. ፕሮባቢሊቲን አትዝለይ።

ኮድ መጻፍ ትችያለሽ፤ እሱን አጥብቀሽ ያዢ፣ እንዳይዝግብሽ። ሁለቱ ሙያዎች ሳይጣሉ የሚነጋገሩት ግን በሒሳብ ነው፤ ይልቁንም በፕሮባቢሊቲና በስታትስቲክስ። ከባድ ነው ተብሎ የሚሸሽ ኮርስ አለ፤ ለእሱ መጀመሪያ ተመዝገቢ።

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ለዚህ ሁሉ ደንበኛ ስንት የስልክ መስመር ይበቃል? ጥያቄው የሥራ አስኪያጅ ጥያቄ ነው። ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ጥሪዎች በዘፈቀደ ሲመጡ ምን ዓይነት ሥርዓት እንዳላቸው በሒሳብ አሳየ፤ የወረፋ ቲዎሪ የሚባለው ከዚያ ተወለደ። ዛሬ የሰርቨር ጫና የሚያሰሉ ሰዎች የሚጠቀሙት ያንኑ ነው። ኮምፒውተር ሳይኖር በፊት የአስተዳደሩም የኮምፒውተሩም ትምህርት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ፤ አታምኚኝ፣ ራስሽ አስዪው። አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ለአንድ ሰው በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጅባታል እንበል፤ በሰዓት 20 ሰው ማለት ነው። ሰው ያለ ቀጠሮ፣ እንደመጣለት ይመጣል፤ የአንዱ ጉዳይ ያጥራል፣ የሌላው ይረዝማል። በሰዓት በአማካይ 10 ሰው ሲመጣ፣ አንድ ሰው ከደረሰ እስኪወጣ በአማካይ 6 ደቂቃ ይቆያል። 18 ሰው ሲመጣ 30 ደቂቃ። 19 ሲመጣ አንድ ሙሉ ሰዓት። ከ18 ወደ 19 የተጨመረው አንድ ሰው ነው፤ የሁሉም ቆይታ ግን እጥፍ ሆነ።

አሁን ሥራ አስኪያጁን እዪው። በሰዓት 18 ሰው እየመጣ ሳለ ሠራተኛዋ ከጊዜዋ 10 በመቶውን እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። «ሥራ ፈትታለች» ብሎ ሌላ መዝገብ ይደርብባታል። ፕሮግራመሩን እዪው። «ሲስተሙ ቀርፋፋ ነው» ብሎ ሰርቨር ያስገዛል። ሁለቱም በየሙያቸው የሚያፍሩበት ነገር አልሠሩም፤ ወረፋው ግን በር አልፎ ግቢ ደርሷል። ያቺ 10 በመቶ ትርፍ ጊዜ ብክነት ሳትሆን ወረፋውን የያዘችው እሷ መሆኗን የሚያስረዳቸው ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል። ቤተ ዘመዱ ምን ሆነሽ እንደምትወጪ ሲጠይቅ «ያንን ሦስተኛ ሰው እሆናለሁ» በያቸው።

ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ደግሞ ከዚህም ይቀላል፦ ግቢ ውስጥ በአማካይ ያለው ሰው ብዛት በሰዓት የሚገባው ሰው በሚቆይበት ሰዓት ሲባዛ የሚመጣው ነው። በሰዓት 30 ታካሚ ገብቶ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ከቆየ፣ በአማካይ 60 ሰው አለ። አግዳሚ ወንበሩ 40 ከያዘ 20ው ቆሟል። ለዚህ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሶፍትዌር ከመግዛትሽ በፊት ግን ይህ ያስፈልጋል።

ያለን አቅም እንዴት መመደብ እንደሚሻል የሚያሰላውን ሊኒየር ፕሮግራሚንግንም በዚሁ መንፈስ ተማሪው። ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ሌኒንግራድ ሆኖ እዚህ ሒሳብ ላይ የደረሰው፣ የኮምፖንሳቶ ፋብሪካ ማሽኖቹን እንዴት ቢመድብ ይሻለዋል ከሚል ጥያቄ ተነስቶ ነው። ጆርጅ ዳንትዚግ በ1947 የሲምፕሌክስን ዘዴ ያወጣው የአሜሪካ አየር ኃይል ዕቅድ ሲያስጨንቀው ነው። ፎርሙላውን ስትሸመድጂ ፋብሪካውን አትርሺ።

3. ሥራው ያለበት ሄደሽ ቁሚ።

ኤሪክ ትሪስትና ኬን ባምፎርዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ስለ እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን አንድ ጥናት አወጡ። ባምፎርዝ ራሱ ከሰል ቆፋሪ የነበረ ሰው ነው። ድሮ ጥቂት ሰዎች ቡድን ሠርተው ቆፍረው፣ ጭነው፣ ጣሪያውን ደግፈው ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሳቸው ይጨርሱት ነበር። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ሥራው በፈረቃ ተበጣጠሰ፤ አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ይጭናል፣ ሌላው ማጓጓዣውን ያዛውራል። መሣሪያው የተሻለ ነበር፤ ምርቱ ግን የተጠበቀውን ያህል አላደገም። ሰው ከሥራ ይቀር ጀመር፤ አንዱ ፈረቃ ያጎደለው ሌላው ትከሻ ላይ ወደቀ። ሁለቱ ሰዎች የደረሱበት ነገር መሣሪያውና ሰዎቹ አብረው የሚሠሩበት መንገድ አንድ ላይ ካልታቀዱ አንዱ ሌላውን ያበላሻል የሚል ነው። አንቺ የምትማሪው ትምህርት ግማሹ ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው።

ወደ አገርሽ ነይ። ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል ሶፍትዌር አለ፤ መነሻው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስክሪኑ ላይ ግራፉ ያምራል። ግራፉ ከየት መጣ? ነርሷ አንዲት እናት መርምራ ስትጨርስ ትልቁን መዝገብ ዘርግታ በእጇ ትሞላለች፤ በኋላ መስመር በመስመር ተቆጥሮ ታሊ ሺት ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ ነው ኮምፒውተር የሚገባው። በዚህ መንገድ ላይ ሰው ይደክመዋል፣ መብራት ይጠፋል፣ አለቃ «ዕቅዱ ለምን አልሞላም?» ይላል። ዳታ ሳይንቲስቱ ከግራፉ ወደ ላይ ይሄዳል፤ አንቺ ከግራፉ ወደ መዝገቡ ውረጂ።

ስትሄጂ ላፕቶፕ አትክፈቺ። ደብተር ያዢ፣ ጥግ ተቀመጪ፣ ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ እያልሽ ጻፊ። ሠራተኛዋ ልትቆጣጠሪያት የመጣሽ ከመሰላት የምታሳይሽ ሌላ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ከመጻፍሽ በፊት ቡና ጠጪ። ካይዘን የሚባለውን የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ የሚያስተምረው የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ፋብሪካ የሥራ ቦታ አያያዝ ደንቦቹን «አምስቱ ማዎች»ን ግድግዳ ላይ ለጠፈ፣ ወለሉን በቢጫ ቀለም አሰመረ። ንጹሕ ወለል ማን ይጠላል! ለእኔ ግን ከጃፓኖቹ ትምህርት ትልቁ አለቃ ወንበሩን ትቶ ሥራው ካለበት ሄዶ መቆሙ ነው። እሱ በቀለም አይገኝም።

4. በተበላሸ አሠራር ላይ ኮምፒውተር አትጨምሪ።

አምስት ፊርማ የሚፈልግ ጉዳይ ዲጂታል ሲሆን አምስት ክሊክ የሚፈልግ ጉዳይ ይሆናል፤ ፈራሚው ስብሰባ ከገባ ያው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ፊርማ ለምን እንደመጣ ጠይቂ። አንዳንዱ ድሮ ለጠፋ አንድ ዕቃ ተብሎ የተጨመረ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሌብነትን የሚከለክል የምር አጥር ነው። መሥሪያ ቤቶች አሠራራቸውን እንደገና በቀረጹበት በቢፒአር ዘመን ይህን ሳይለዩ በጅምላ የቆረጡም፣ በጅምላ የተዉም አይቻለሁ።

5. አደጋው ያለው ድንበሩ ላይ ነው፤ እዚያ ቁሚ።

ለመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች በሒሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ እንዲያወጡና እንዲያስተላልፉ ፈቀደ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሌሊቱን ተዛመተ፤ ተማሪው ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። አገልግሎቱ ለሰዓታት ተቋረጠ። በኋላ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ተነገረ። ያን ሌሊት አንቺም ስልክሽን ስትጎረጉሪ አድረሽ ይሆናል፤ አልጠይቅሽም።

የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪን ብትጠይቂው «ቴስት አልተደረገም» ይልሻል። የማኔጅመንት ተማሪውን ብትጠይቂው «የቁጥጥር ክፍተት» ይልሻል። ሁለቱም በየደጃፋቸው ቆመው ነው የሚያወሩት። ያንቺ ጥያቄዎች መሐል ያሉት ናቸው። ማሻሻያ በማን ፈቃድ፣ በየትኛው ሰዓት ነው ሥራ ላይ የሚውለው? በዚያ ሰዓት ስክሪን የሚጠብቀው ማነው? ገንዘብ ከወትሮው ውጭ ሲፈስ በስንት ደቂቃ ይታወቃል? ያወቀው ሰው አለቃ ሳይቀሰቅስ የማቆም ሥልጣን አለው? ከእነዚህ አንዱም በኮድ ብቻ አይመለስም፤ አንዱም ደግሞ ኮዱን በማያውቅ ሰው አይመለስም። ስለዚያ ባንክ ብቻ አይደለም የምነግርሽ፤ ነገ የምትቀጠሪበት መሥሪያ ቤት ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች ለሌላው ክፍል ትቷቸዋል።

ከዚህ እጅግ የከፋው የእንግሊዝ ፖስታ ቤት ነገር ነው። ፉጂትሱ የሚያቀርበው ሆራይዘን የተባለ የሒሳብ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በየቅርንጫፉ ተተከለ። ብዙዎቹን ቅርንጫፎች የሚያስተዳድሩት ትንንሽ ሱቅ ያላቸው ተራ ሰዎች ናቸው። ሲስተሙ «ገንዘብ ጎድሏል» ይላል፤ ሰዎቹ «አልነካንም» ይላሉ። የእርዳታ ስልክ ሲደውሉ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በእነሱ ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው። ከ900 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ፣ ቤታቸውን የሸጡ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። አለን ቤትስ የተባለ የቀድሞ የቅርንጫፍ ኃላፊ ከ500 ከሚበልጡ ሰዎች ጋር ሆኖ ፖስታ ቤቱን ከሰሰ፤ በ2019 ፍርድ ቤቱ ሲስተሙ ጉድለት እንደነበረበት ፈረደ። በጅምላ ነፃ የሚያወጣቸው ሕግ የወጣው በ2024 ነው።

ስህተት የሌለበት ሶፍትዌር የለም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ያን ሁሉ ሰው ያሳሰረው ግን ኮዱ ብቻ አልነበረም። በአንድ በኩል የሚታወቀው ጉድለት ተከሳሹ ዘንድ በጊዜው አልደረሰም። የመቶዎች ተመሳሳይ ቅሬታ ተደምሮ እንደ አንድ ቅሬታ አልታየም። ዳኛው ደግሞ ኮምፒውተር አይሳሳትም ከሚል ግምት ተነሳ። መሐንዲሱ፣ ሥራ አስኪያጁና ጠበቃው በየክፍላቸው በራቸውን ዘግተው የየድርሻቸውን ሠሩ። ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳለው አንድ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም የድርጅቱን የእርስ በርስ ንግግር መልክ ይይዛል፤ ክፍሎቹ ካልተነጋገሩ የሲስተሙ ክፍሎችም አይነጋገሩም።

ስለዚህ በምትሠሪው ሲስተም ሁሉ አንድ ቦታ አስቀምጪ፦ ተራው ሠራተኛ «ይህ ቁጥር የእኔ አይደለም» ማለት የሚችልበት፣ ካለ በኋላም ስሙ የታወቀ ሰው በተወሰነ ቀን መልስ የሚሰጥበት። ቴሲስሽ ውስጥ ሌላ ምንም ባይኖር ይህ ይኑር።

6. ስለ አማካሪና ስለ ደብዳቤ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አስቢው። አራት ኪሎ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ አምስት ኪሎ ምህንድስና፣ ስድስት ኪሎ ማኅበራዊ ሳይንስ፤ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ያን መንገድ ለሥራ ሲሻገሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ መምህራን ግን ጥቂት ናቸው። ሌላውም ዩኒቨርሲቲ ያው ነው። ሁለት አማካሪ ከሰጡሽ አንዱ «አልጎሪዝሙ የታለ?» ይላል፣ ሌላው «ለድርጅቱ ምን ፈየደ?» ይላል። ለየብቻ እያገኘሽ አስታራቂ ሽማግሌ አትሁኚ። ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫቸው፤ የተስማሙበትን በዚያው ቀን በኢሜይል ጻፊላቸው። የውስጥና የውጭ ፈታኝ ፊት ስትቀርቢ የሚያድንሽ ያ ኢሜይል ነው። ፕሮፖዛልሽ ላይም ሁለት መለኪያ አስፍሪ፦ አንድ የማሽን፣ አንድ የሰው። ትንበያው ምን ያህል ትክክል ነው፤ ሰውዬው ስንት ደቂቃ ቆመ።

የትብብር ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲው በጊዜ አውጪ። ማኅተሙን፣ ቁጥሩንና ቀኑን እዚያው ቆመሽ እዪ፤ አንዷ ብትጎድል «ነገ ነይ» ነው። መሥሪያ ቤቱ ስትደርሺ ከዳይሬክተሩ ይልቅ የመዝገብ ቤቱን ሰው አክብሪ። ዳታው የት እንዳለ፣ የትኛው ዓመት መዝገብ ዝናብ እንደነካው የሚያውቀው እሱ ነው። ዳታው መኖሩን በዓይንሽ ሳታዪ ርዕስ አታጽድቂ።

ጃፓኖቹ አቤ ኢኒሼቲቭ በሚሉት ዓይነት ስኮላርሺፕ ውጭ የመማር ዕድል ካገኘሽ ሂጂ። ማስተርሱን ከድርጅት ልምምድ ጋር ያያዘ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ማስበለጥ ካለብሽ ልምምዱን አስበልጪ።

7. ኮድ የሚጽፉልሽ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ተጠቀሚባቸው። እኔም እጠቀማለሁ፣ ለእናትሽ አትንገሪ። ካርድ ክፍል ጥግ ተቀምጠው ማየት ግን አይችሉልሽም፤ «ለምን አምስት ፊርማ?» ብለው ጠይቀው የሰውየውን ፊት አያነቡልሽም። ጊዜ ካተረፉልሽ ትርፉን ሦስተኛው ምክር ላይ አውዪው።

8. ውጤቱን ለባለቤቶቹ መልሺ።

ቴሲስ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ ይጠረዛል፣ ቤተ መጻሕፍት ይገባል፤ ደብተርሽን ይዘሽ ስትቆጥሪያት የነበረችው ሠራተኛ ምን እንዳገኘሽ ሳታውቅ ትቀራለች። ከመመረቅሽ በፊት ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፊ፦ ምን አየሽ፣ ምን ቢለወጥ ወረፋው በስንት ደቂቃ ያጥራል፣ ያልተለወጠው ለምንድን ነው። ለኃላፊው አንድ፣ ለሠራተኞቹ አንድ ቅጂ ስጪ። ይከራከሩሽ። «እንዲህ አይደለም፣ ማክሰኞ ገበያ ስለሆነ ነው» ይሉሻል፤ ያን ጊዜ ሞዴልሽ ውስጥ ማክሰኞን ለብቻ አስገቢ። ፈታኞቹ ከሚሰጡሽ አስተያየት ይህ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የኮርሱን ዝርዝር የሰጡሽ ቀን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በሁለተኛው ምክር ያልኩሽን ፕሮባቢሊቲ የሚያስተምር፣ «ስቶካስቲክ» የሚል ስም ያለው ኮርስ ካላየሽበት፣ ሬጅስትራር ሄደሽ ከመፈረምሽ በፊት ደውዪልኝ።